የእናቴ ሒሳብ

ሒሳብ የሚታወቀው ትምህርት ቤት ከተገባ በኋላ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ልጅ ሳለሁ እንደዚሁ ይመስለኝ ነበር። ይህን ሐሳቤን ያረመው ግን የደጎሎ ገበያ ነው።

ደጎሎ በደቡብ ወሎ የጃማ ወረዳ ከተማ ናት፤ አገሩም ስንዴና ምስር የሚበቅልበት ዋልካ ነው። አራተኛ ክፍል ሳለሁ በአንድ የገበያ ቀን እናቴ ምስር ስትሸጥ አብሬያት ዋልሁ። አንድ ገዥ ጣሳውን በ2 ብር ከስሙኒ ተስማምቶ 18 ጣሳ አሰፈረ። እናቴ ፊደል አልቈጠረችም፤ «የተማረ ይግደለኝ» የሚለውን ብሂል ግን ትወድ ነበርና ሒሳቡን ለእኔ ተወችልኝ። እኔም 2.25ን በ18 ሳባዛ ሁለተኛውን ረድፍ አንድ ቤት ወደ ግራ መግፋቱን ረስቼ፣ «20 ብር ከስሙኒ!» ብዬ በኵራት ተናገርሁ። ገዥው ፈጥኖ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

እናቴ «ቆይ እስቲ» አለችው። «ብሩ ብቻውን 36 ነው። አራት ስሙኒ አንድ ብር፤ ዐሥራ ስድስቱ ስሙኒ አራት ብር፤ የቀሩት ሁለቱ አንድ ሽልንግ። 40 ብር ከሽልንግ ነው።» ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብላ፣ «ልጄ፣ ደብተርህ የምስሩን እኩሌታ በላው» አለችኝ። በእውነትም እኩሌታውን ነበር።

እፍረቱ ብዙ ዘመን አልለቀቀኝም። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንሁ በኋላ ግን ነገሩ የእናቴ ብቻ አለመሆኑን አንብቤ ተረዳሁ። በብራዚል በሬሲፌ ከተማ ተደርጎ በ1985 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በወጣ ጥናት፣ በገበያ የሚነግዱ አምስት ልጆች በሥራቸው ላይ ሳሉ ከተጠየቁት ሒሳብ ከመቶ 98 እጁን በትክክል ሲመልሱ፣ እነዚሁ ልጆች ያንኑ ስሌት ያለ ዕቃና ያለ ገንዘብ በቍጥር ብቻ ሲጠየቁ ከመቶ 37 እጁን ብቻ መልሰዋል። የገበያው ልጅ ዕቃውንና ገንዘቡን በልቡ ይዞ ስለሚሰበስብ ውጤቱ ሲዛባ ያውቀዋል፤ ሥርዓቱን ብቻ ይዞ የሚጓዝ ግን አንዲት እርምጃ ሲስት የሚመልሰው የለውም።

በቅርቡ የአንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ 3ንና 8ን ስትደምር ጣቶችዋን ከጠረጴዛ ሥር ሸሽጋ ስትቈጥር አየኋት። ልገሥጻት ከጀመርሁ በኋላ የእናቴ ቃል ትዝ አለኝና «ከስንት ጀመርሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ከስምንት» አለችኝ፤ «ሦስቱን ብቻ ጨመርሁበት።» ሕፃን በመጀመሪያ ሁሉንም ከአንድ ጀምሮ ይቈጥራል፤ ቀጥሎም ከትልቁ ቍጥር መነሣት እንደሚያሳጥርለት ብዙ ጊዜ ራሱ ያገኘዋል፤ ሲያድግ መልሱን ከትዝታው ያነሣል፤ ትዝታው ቢከዳውም ስምንትን በሁለት ዐሥር አድርጎ የቀረውን አንድ ይጨምራል። እንግዲህ ጣት መንገድ እንጂ የስንፍና ምልክት አይደለም። ይህን ስነግራት ልጄ እጅዋን ከጠረጴዛው በላይ አወጣች።

መምህራንና ወላጆች ሆይ፣ ደብተርና እርሳስ ለትልቅ ሒሳብ ያስፈልጋሉ። ነገር ግን በልጁ መልስ ላይ ከመፍረዳችን በፊት የመጣበትን መንገድ እንጠይቀው።