ሙጫው የሚበላው ቀዳዳ

ለአንድ ትንሽ የታንክ ሞዴል የሽቦ ወንፊት መለጠፍ ምን ያስቸግራል? ቆርጦ፣ ሙጫ ቀብቶ፣ ጫን ማድረግ አይደለም? ነገሩን ከሩቅ የሚያይ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ሙሉውን ታንክ በሁለት ቀን ገጣጥሞ፣ ጥፍር በምታህል ወንፊት ላይ ሳምንት የሚያድር ሞዴል ሠሪ ግን ምክንያት አለው።

ምክንያቱ ስሌት ነው። በጦር ተሽከርካሪ ሞዴሎች ዘንድ በብዛት የሚሠራበት ልክ 1/35 ነው፤ በሰፊው ያስለመደውም የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ ነው። እውነተኛው ታንክ ላይ 35 ሳንቲ ሜትር የሆነው ነገር ሞዴሉ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ ወደ 0.14 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ከፀጉር ብዙም አይበልጥም። አሁን ስሌቱን ገልብጡት። 1 ሚሊ ሜትር የምትሰፋ የሙጫ ጠብታ በእውነተኛው ታንክ ላይ ብትሆን 3.5 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ጓል ትሆን ነበር። እንዲህ ያለ ጓል የተለጠፈበት ታንክ ማን አይቶ ያውቃል?

ችግሩ በዚህ አያበቃም። የፕላስቲክ ሙጫ የሚያያይዘው ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው። ወንፊቱ ግን ከስስ ናስ በኬሚካል ተበልቶ የተሠራ ስለሆነ ይህ ሙጫ አይዘውም። ሠሪው ወደ ሱፐር ግሉ ይዞራል። ሱፐር ግሉ ደግሞ ቀጭን ነው፤ ላምባ በኩራዝ ክር እንደሚወጣው ሁሉ በሽቦዎቹ መሃል እየተሳበ የወንፊቱን ዓይን አንድ በአንድ ይደፍናል።

የሚያዋጣው መንገድ ውስብስብ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ናሱ በእሳት ሞቆ ሲቀዘቅዝ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ሲታጠፍ እንደ ሞላ ተስፈንጥሮ አይመለስም። መስታወት በመሰለ ጠንካራ ነገር ላይ ተደርጎ በአዲስ ምላጭ ይቆረጣል። መጀመሪያ በወረንጦ ተይዞ ያለ ሙጫ ቦታው ላይ ይለካል። ሙጫው በወንፊቱ ላይ አይፈስም፤ ወንፊቱ የሚያርፍበት ጠርዝ ማዕዘን ማዕዘኑ ብቻ በመርፌ ጫፍ ይነካል። ለሞተር ክዳን ወንፊት ደግሞ ኮላ ይበቃል፤ ቶሎ ስለማይደርቅ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል፣ የተረፈውም በእርጥብ ብሩሽ ይጠረጋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቀለሙም እንዲሁ በስሱ፣ ደጋግሞ ነው፤ ሙጫው የማረውን ዓይን ወፍራም ቀለም አይምረውም።

ለመሆኑ ቀዳዳው ይህን ያህል ለምን ይከበራል? በእውነተኛው ታንክም ቁም ነገሩ ቀዳዳው ስለነበር ነው። የሞተር ክዳኑ ወንፊት አየር ያስገባል፣ ፍርስራሽ ያስቀራል፤ ቢደፈን ሞተሩ ይታፈናል። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1943 ፓንዘር 4 የተባለውን ታንክ ከሶቪየት ፀረ ታንክ ጠመንጃዎች ለመከላከል በጎኑ ስስ የብረት ሰሌዳ አንጠለጠሉ። በጦርነቱ ማብቂያ አካባቢ በተመረቱት ላይ የሽቦ ወንፊት ሰሌዳውን ተካ። ወንፊቱ ቀላል ነው፤ ብረትም ይቆጥባል። ዓይኑ የተደፈነ ወንፊት እንግዲህ ተመልሶ ሰሌዳ ሆነ ማለት ነው፤ ሞዴሉም የሌላ ጊዜ ታንክ ሆነ።

ከሙጫው የሚከብደው ግን በመጨረሻ ይመጣል። ጦር ሜዳ የዋለ ታንክ ጎኑ ሙሉ ሆኖ አይቆይም። ዛፍ ይነቅለዋል፣ ግድግዳ ያጣምመዋል። በዘመኑ ፎቶግራፎች የጎን መከላከያቸው የተጣመመና የጎደለ ታንኮች ሞልተዋል። ታዲያ ሠሪው ሦስት ምሽት ደክሞ፣ አንድም ዓይን ሳይደፍን የለጠፈውን ወንፊት በገዛ እጁ ያጣምመው? አንዱን ክፍል ነቅሎ ይጣለው?

ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ታንክ ለማሳየት ከሆነ አይንካው። ጭቃ ቀብቶት፣ የጥይት ምልክት አድርጎበት ሲያበቃ ወንፊቱን ብቻ እንከን የለሽ አድርጎ ከተወው ግን ድካሙን አሳየ እንጂ ታንኩን አላሳየም። ከዚያ ወንፊት ጀርባ አምስት ሰዎች ይቀመጡ ነበር። ወንፊቱ የተንጠለጠለው እነሱ እንዳይሞቱ ነው፤ መጣመሙም የደረሰባቸውን ይናገራል።

ስለዚህ ወረንጦውን ከማንሳት በፊት የሚመለስ አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህ ታንክ የት ነው የዋለው?