ስለ ነጻ ትምህርትና ስለ ቤተ ሰብ ድርሻ

አንድ ልጅ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገብቶ የተፈጥሮ ጥበብን ወይም ምሕንድስናን በነጻ እንዲማር ዕድል ባገኘ ጊዜ በቤቱ እልል ይባላል፤ ጎረቤትም ተሰብስቦ እንኳን ደስ አላችሁ ይላል። ደስታው የሚገባ ነው። ነገር ግን ብዙ ወላጆች «ነጻ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ከዚያ ወዲያ ለእነርሱ የቀራቸው ሥራ ያለ አይመስላቸውም። ስለዚህ ነጻ ትምህርት በእውነቱ ምን እንደ ሆነ፣ የቤተ ሰብም ድርሻ ምን ያህል እንደ ሆነ በዚህ ገጽ ጥቂት ለመጻፍ አሰብሁ።

ነጻ ትምህርት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም የመንደሩ ሰው ከዕለት እንጀራው ቆርሶ ይሰጠዋል። ሰጪው የልጁን አገር አያውቅም፤ ትምህርቱን መቼ እንደሚጨርስም አይጠይቀውም። ልጁ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከቅኔ ቤትም ወደ መጻሕፍት ቤት ሲዘዋወር ብዙ ዓመት ያልፋል። በመጨረሻ መምህር ሆኖ ጉባኤ ሲዘረጋ የበላውን እንጀራ ሌላውን ልጅ በማስተማር ይመልሳል። እኔም ፊደልና ዳዊት በደብር፣ ሒሳብና የውጭ ቋንቋ በሚሲዮን ተማሪ ቤት የተማርሁ ስለ ሆንሁ ሁለቱንም ዐይነት እጅ አይቻለሁ። አንዱ ቁራሽ እንጀራ፣ ሌላው ደብተርና እርሳስ ይሰጣል፤ ሁለቱም ግን ከልጁ የሚጠብቁት ትምህርቱን እንዲፈጽም ነው።

በመንግሥት በኩልም ነገሩ ረጅም ታሪክ አለው። በ1914 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ አሜሪካ ከላኳቸው ተማሪዎች አንዱ መላኩ በያን ነበሩ። በኦሃዮ በመስኪንገም ኮሌጅ ጀምረው፣ ኋላም በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1927 ዓ.ም. ሲፈጽሙ 13 ዓመት ሆነ። ወዲያውም ጠላት አገራችንን ስለ ወረረ ወደ ጦር ሜዳ ሄደው ቁስለኛ አከሙ። ያ 13 ዓመት በቤት ለሚጠብቅ ሰው እጅግ ረጅም ነው፤ በመከራው ቀን ግን ለስንት ቁስለኛ ደረሰ!

በየካቲት 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ባደረጉት ጭፍጨፋና ከዚያ በኋላ በተከተለው ግድያ ውጭ አገር ተምረው ከተመለሱት ወጣቶች ብዙዎቹ አለቁ። ስለዚህ ነጻነት ሲመለስ አገሪቱ የተማረ ሰው በብርቱ ቸገራት። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ፤ በ1945 ዓ.ም. የምሕንድስና ኮሌጅ ተከተለው። የዩኒቨርሲቲው ኮሌጅ ተማሪ ትምህርቱንም፣ ምግቡንም፣ መኝታውንም ከመንግሥት በነጻ ያገኝ ነበር።

ይህ ልማድ ብዙ ዘመን ከቆየ በኋላ በ1996 ዓ.ም. በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የወጪ መጋራት የሚባለው ደንብ ተግባር ላይ ዋለ። በዚያ ደንብ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከማስተማሪያውም ወጪ ቢያንስ ከመቶ 15 እጁን እንዲጋራ ተወሰነ፤ የሚከፍለውም ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ትምህርት ነጻ ስንለው ዕዳው ለነገ ተላለፈ ማለታችን መሆኑን እንወቅ። ምሕንድስና ደግሞ ከብዙው ትምህርት በዓመት ስለሚበልጥ ዕዳውም በዚያው ልክ ያድጋል። ወደ ውጭ አገር መሄድም ዓመቱን አያሳጥረውም፤ የጃፓን መንግሥት ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጠው ነጻ ዕድል፣ እንደ ሕክምና ያሉት ሳይቆጠሩ፣ የ1 ዓመት የቋንቋ ትምህርት ተጨምሮበት 5 ዓመት ነው።

ሥራዬ የፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስለ ሆነ የትምህርት ውል መዝገብ በእጄ ያልፋል። ወደ ውጭ አገር ተልኮ ትምህርቱን ያቋረጠ ወይም ሳይመለስ የቀረ ሰው ሲኖር ገንዘቡን ያወጣው መሥሪያ ቤት ዋሱን ይከሳል። ከዋሶቹ ብዙዎቹ ለዘመድ አዝነው ሳያነቡ የፈረሙ ናቸው፤ ወረቀቱን አጥብቀው የሚያነቡት መጥሪያ ከደረሳቸው በኋላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 ዋስትና በግልጽ መሰጠት እንዳለበት፣ ዋሱም ቢበዛ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚጠየቅ ካልተጻፈ ዋስትናው እንደማይጸና ይናገራል። ስለዚህ ለልጁም ሆነ ለወንድሙ ልጅ የሚፈርም ሰው የገንዘቡን ልክ፣ ተማሪው የሚያገለግልበትን ዓመት፣ ትምህርቱም ቢቋረጥ የሚከተለውን ነገር፣ እነዚህን ሦስቱን ሳያይ ብዕር አያንሣ።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ግን ዓመቱ ነው። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያዪቱ ልጄ ምሕንድስና ለመማር በቈረጠች ጊዜ ዘመድ ተሰብስቦ ተማከረ። የእናትዋ ወንድም «5 ዓመት ሙሉ! አጭሩን ትምህርት ተምራ ቶሎ ደመወዝ ብታገኝ ለታናናሾችዋ በደረሰችላቸው» አለ። ክፉ አስቦ አልተናገረም፤ የቤታችንን ኑሮ ስለሚያውቅ ነው። ባለቤቴም የወሩን አስቤዛ በልብዋ እያሰላች ዝም አለች። ልጄ መንግሥት የማይሸፍነውን ወጪ በአንድ ወረቀት ጽፋ አቀረበች፤ መጓጓዣ፣ ኮምፒዩተር፣ የሥዕል መሣሪያ፣ መጻሕፍት። ቁጥሩን አንብቤ ወረቀቱን ለአጎትዋ ሰጠሁት፤ እርሱም አንብቦ አጠፈው።

ያን ጊዜ በመደቡ ላይ ተቀምጠው የነበሩት እናቴ «በደጃችን ስንቱ የሰው ልጅ ቆሞ ቁራሽ ሰጠነው! መቼ ትጨርሳለህ ያልነው አለን? ዓመት የምንቈጥረው በራሳችን ልጅ ላይ ነውን?» አሉ። ከዚህ በኋላ የተናገረ የለም። አጎትዋ መጓጓዣውን በራሱ ላይ ወሰደ። እኛም ለቤታችን ጣራ ማደሻ ያስቀመጥነውን ገንዘብ ለኮምፒዩተሩ አዋልነው፤ ጣራው ዛሬም ያፈስሳል፤ ልጂቱ ግን እየተማረች ነው።

ይህን የጻፍሁት የእኔ ቤት ከሌላው ይበልጣል ለማለት አይደለም። በየቤቱ እንዲህ ያለ ምክር እንደሚደረግ ስለማውቅ ነው። የትምህርቱን ዋጋ መንግሥት ወይም ሌላ በጎ አድራጊ ይከፍል ይሆናል፤ የዓመታቱን ዋጋ ግን የሚከፍለው ቤተ ሰብ ነው። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ልጁ ለቤቱ ምንም አያስገባም፤ ሒሳቡም ሲከብደው ተስፋ ይቈርጥ ይሆናል። ወላጅ ያን ጊዜ «ተወውና ሥራ ፈልግ» ቢለው የሰጪው ገንዘብና የልጁ ድካም አብረው ይጠፋሉ። ይልቁንም በሴት ልጅ ላይ ይህ ቃል ፈጥኖ ስለሚነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ልጃችሁ ይህን ዕድል ሲያገኝ በደስታው ቀን ማታ ቁጭ ብላችሁ ወጪውን በወረቀት ጻፉ፤ ውሉን ቃል በቃል አንብቡ፤ ከዘመድም መካከል ማን ምን እንደሚሸከም በፊት ተነጋገሩ። ይህ ሁሉ ተደርጎ የተላከ ልጅ የቤቱን ችግር እያሰበ ልቡ አይከፈልም፤ ሙሉ ሐሳቡን በትምህርቱ ላይ ያደርጋል።