በመስኮቱ ያልገባው ብርሃን

ኮን ላይ በተወላጆች መዋጮ የተሠራችው የንባብ ክፍል ጨለማ የሆነችው በእኔ ጥፋት ነው። ግንበኛው የተሰጠውን ልክ ጠብቆ ሠራ። አሠሪው ኮሚቴም በኮምፒውተር በተሠራው ምስል ያየውን አምኖ ፈረመ። ምስሉን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ዋሽቼበታለሁ። ሥራው በነጻ እንደነበር ለማመካኛ ልጠቅስ አስቤ ነበር፤ ምንም አያቃልልልኝም።

ኮን ያለችበት ዋድላ ደጋ ነው። ከጋሸና ወደ ንፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ያለፈ ሰው ንፋሱን ያውቀዋል። ሽማግሌዎቹ «መስኮቱን አታስፉት፣ ልጆቹ ይበርዳቸዋል» ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ወፍራም የድንጋይ ግንብ፣ ጠባብ መስኮት፣ እሱም በአንድ ወገን ብቻ ተባለ። የእኔ ድርሻ የክፍሏን ውስጥ ብሌንደር በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርቶ ማሳየት ነበር።

የመጀመሪያው ሬንደር፣ ማለትም ፕሮግራሙ አስልቶ የሚያወጣው ምስል፣ ሲወጣ ግድግዳው ጤፍ የተነሰነሰበት መሰለ። እኛ የሙያው ሰዎች ኖይዝ የምንለው ነው። ሳይክልስ የተባለው የብሌንደር ምስል አስሊ ጨረርን የሚከታተለው ከካሜራው ጀምሮ ነው። ጨረሩ ግድግዳ ይመታል፣ ነጥሮ ወለል ይመታል፣ እንደገና ይነጥራል። መስኮቱን አግኝቶ ወደ ሰማይ ከወጣ ያ ነጥብ ብርሃን ያገኛል፤ ካላገኘ ይጠቁራል። መስኮቱ ሲጠብ የሚሳካላቸው ጨረሮች ጥቂት ስለሆኑ ጎን ለጎን ያሉ ነጥቦች አንዱ ይነጣል፣ ሌላው ይጠቁራል። ሳምፕል፣ ማለትም በየነጥቡ የሚላኩትን ጨረሮች፣ በማብዛት ብቻ ልገላገለው ቢሉ ዋጋው ከባድ ነው፤ ኖይዙን በግማሽ ለመቀነስ 4 እጥፍ፣ ወደ ሩብ ለማውረድ 16 እጥፍ ሳምፕል ይጠይቃል።

ደግሞ መላው ጠፍቶኝ አይደለም። የመስኮቱ ክፍተት ላይ ኤሪያ ላይት የሚባለውን ጠፍጣፋ የብርሃን ምንጭ አስቀምጦ ፖርታል ማድረግ ይቻላል፤ ፖርታል ከራሱ ብርሃን አይጨምርም፣ ሰማዩ በየት በኩል እንደሆነ ለፕሮግራሙ ይጠቁማል እንጂ። የመስኮቱ መስታወት ጨረሩን እንዳያግድ ማድረግም አለ። የቀረችውን ኖይዝ ከ2019 ጀምሮ ብሌንደር ውስጥ ያለው የኢንቴል ዲኖይዘር ይጠርገዋል፤ የዕቃዎቹን ቀለምና የገጾቹን አቅጣጫ ለይተው ከሰጡት የድንጋዩን መጋጠሚያ እንኳ ብዙም አያደበዝዝም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ አቋራጩን መረጥሁ። ኮሚቴው ምስሉን ለማግስቱ ይፈልገው ነበር። ከካሜራው ጀርባ፣ ኮርኒሱ ሥር፣ በምስሉ የማይታይ ሰፊ ኤሪያ ላይት አንጠለጠልሁ። ኖይዙ ወዲያው ጠፋ። ክፍሏም ፈካች፤ እኔም ደስ አለኝ።

ያን ምስል አሁን ከፍቼ ሳየው ውሸቱ ዓይን ያወጣ ነው። በስተኋላ ያለው መደርደሪያ ላይ የመጻሕፍቱ ጀርባ አንድ በአንድ ይለያል፤ በመስኮቱ ደግሞ ሰማዩ ሰማያዊ ነው፣ የውጪው ጽድ ቅርንጫፉ ሳይቀር ይታያል። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ቆሞ በስልኩ ፎቶ ያነሳ ሰው ይህ እንደማይሆን ያውቃል፤ ወይ ውስጡ ይጠቁራል፣ ወይ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ኮሚቴው ውስጥ ግን ይህን የመጠየቅ ግዴታ ያለበት ሰው አልነበረም። ግዴታው የእኔ ነበር።

ኖይዝ ሁሉ ክፍሉ ጨለማ ነው ማለት አይደለም፤ በቂ ብርሃን ያለው ክፍልም በጥቂት ሳምፕል ይንጫጫል። ኖይዙን ማጥፋቴ አልነበረም ኃጢአቱ። ኃጢአቱ በክፍሏ የሌለ ብርሃን ጨምሬ ማጥፋቴ ነው። ፖርታሉን ብጠቀም ኖሮ ምስሉ ይጠራና ክፍሏ እንደ ጨለመች ትታይ ነበር፤ ኮሚቴውም ግንቡ ከመቆሙ በፊት ያያት ነበር።

በጣም የሚቆጨኝ መፍትሔው ቅርብ መሆኑ ነው። የቀን ብርሃን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በግርድፉ የመስኮቱ አናት ካለበት ከፍታ እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ መስኮቱን ማስፋት ግድ አልነበረም፤ ወደ ላይ ከፍ ማድረግ ይበቃ ነበር። ንፋሱም ከተቀመጡት ልጆች ራስ በላይ ያልፍ ነበር። እኔ ደግሞ ሞዴል መሥራት የተለማመድሁት በላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ነው። እዚያ የታችኛው ረድፍ መስኮቶች ቅርጻቸው ብቻ ወጥቶ ተደፍነው የቀሩ ናቸው፤ ብርሃን የሚያስገቡት የላይኞቹ ናቸው። በገዛ እጄ እየቀረጽሁት ምንም አላስተማረኝም።

ክፍሏ ተሠርታ ካለቀች በኋላ፣ ክረምት ላይ ኮን ሄድሁ። መብራት ጠፍቶ ነበር። ልጆቹ መስኮቱ ሥር ተጣበው ተቀምጠዋል፣ ሁለቱ ደፉ ላይ ወጥተው ያነባሉ፣ በስተኋላ ያሉት ጠረጴዛዎች ባዶ ናቸው። ክፍሏን የሚጠብቁት ጡረተኛ መምህር ቢሮው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ምስሌን እያሳዩ፣ «አንተ ልጅ፣ እዚህ ላይ ፀሐይ ነበረ፤ ወዴት ወሰድኸው?» አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉት። ያኔ እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ አብሬ ሳቅሁ።

አዲስ አበባ ተመልሼ ያንኑ ፋይል ከፈትሁ። የተደበቀውን መብራት አጥፍቼ፣ በፖርታል ብቻ እንደገና ሬንደር አደረግሁና ከነደብዳቤው ለኮሚቴው ላክሁት። መስኮቱ ከፍ ቢል ምን ሊመስል እንደሚችልም አያይዤ ነበር። ሰብሳቢው ለወቀሳ ብዙ ቃል አላባከኑም፤ «ግንቡን ከላይ ለመክፈት ስንት ይፈጃል?» ብለው ደወሉ። ቢሙን ሳይነኩ መክፈት ስለሚቻልበት መንገድ ከግንበኛው ጋር እየተነጋገርን ነው። ወጪውን እኔ እችላለሁ ብያለሁ።