ለልጄ፣ ውሉን ሳትፈርሚ

ልጄ፣ የዓይኔ ብርሃን፣

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት መቀጠርሽን ከሰማን ወዲህ ቤታችን እንግዳ አላጣም። የአኙዋውም የኑዌሩም ጎረቤት እየመጣ እንኳን ደስ ያላችሁ ይለናል፤ እናትሽ ቡና ስታፈላ ትውላለች። እኔም ደስታዬ ልክ የለውም። ውሉን የምትፈርሚው ሥልጠናው ሲያልቅ ነው ስላልሽኝ ግን፣ በስልክ ተነግሮ የማያልቅ ነገር ስላለኝ ጻፍኩልሽ። አረፍ ስትዪ፣ ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው።

ውል ስትይኝ መጀመሪያ ያሰብኩት የእኛው የኢታንግ ስም የተጻፈበትን ውል ነው። አጤ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈራረሙት የድንበር ውል፣ በአራተኛው አንቀጹ፣ በባሮ ወንዝ ላይ በኢታንግ አቅራቢያ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት በኪራይ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። በወንዙ ዳር ያለው ርዝመት ከ2000 ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተለክቶ ተጽፏል። በኋላ ጣቢያው የተተከለው እኛ ዘንድ ሳይሆን ወደ ላይ፣ ጋምቤላ ነው። ሱዳን በ1948 ነፃ እስክትወጣ ድረስ ያ የወንዝ ዳር መሬት የካርቱም መንግሥት የሚያስተዳድረው ወደብ ሆኖ ኖረ።

ንግዱ ምን ይመስል እንደነበር ትንሽ ልንገርሽ። በበጋ ሲራራ ነጋዴ ከጎሬና ከሳዮ ቡናውን፣ ሰሙን፣ ቆዳውን ጭኖ ወደ ቆላ ይወርዳል። ዕቃው ጋምቤላ መጋዘን ገብቶ ክረምቱን ይጠብቃል። ባሮ ሲሞላ መርከቡ ከካርቱም ተነሥቶ ነጭ ዓባይን፣ ከዚያም ሶባትን ይዞ ይመጣል፤ ጨውና ጨርቅ አራግፎ ቡና ጭኖ ይመለሳል። ውኃው ሳይጎድል መውጣት አለበትና ጭነቱ ጥድፊያ ነው። ይህን የምዕራቡን ንግድ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን የመሰሉ የታሪክ ሰዎች በሰፊው አጥንተውታል። እኔም እጄ የገባውን ሁሉ አንብቤአለሁ። ነጋዴው በስሙ አለ። ቆንስሉ በስሙ አለ። ጆንያውን በትከሻው ከመጋዘን እስከ መርከብ ያደረሰው ሰው ግን «ተሸካሚ» ተብሎ ታልፏል። በዝናብ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ቢወድቅ ማን እንዳነሣው፣ ማታ ስንት እንደተከፈለው ያነበብኩት የለም። መሬቱ በሜትር ተጽፎ የሰው ትከሻ ሳይጻፍ ቀረ።

በዚያ ዘመን ሰው ራሱ የሚሸጥበት አገር ነበርን፤ ይህንንም ማወቅ አለብሽ። የባሪያ ንግዱ ክንድ የበረታው በእኛ በምዕራቡና በደቡብ ምዕራቡ ሕዝብ ላይ ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 የዓለም መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ጥያቄው ከፊቷ ቀርቦ ነበር፤ ባርነት ፈጽሞ በሕግ የተከለከለው ግን ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በ1934 ነው። አያቶቻችን በሕይወት እያሉ ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ አገር የሠራተኛ ታሪክ ሲነሣ ከፋብሪካ በር መጀመሩ አይበቃኝም። ጉልበቱ የራሱ ካልነበረው ሰው መጀመር አለበት።

ፋብሪካው በኋላ መጣ። ኤች ቪ ኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ጀመረ። ሸንኮራውን ለመቁረጥ ከከምባታና ከሃድያ ብዙ ሰው ወረደ። እዚያ የሠራተኛው ጣጣ በደመወዝ ብቻ አላለቀም፤ የሚጠጣው የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት ስለነበር ጥርሱን አበለዘው፣ ብዙ ዓመት የቆየውን ደግሞ አጥንቱን እያደነደነ አጎበጠው። ሐኪሞች ያጠኑት፣ የተመዘገበ ነገር ነው። ሰው ለአገሩ ስኳር እያመረተ ወገቡ ሳይቃና ቀረ። ስለዚህ ፋብሪካ ስትገቢ ደመወዙን ብቻ አትጠይቂ፤ የምትጠጪውን ውኃ፣ የምትተነፍሺውን አየር፣ የመፀዳጃውን ነገር፣ እሳት ቢነሣ በየት እንደሚወጣ ጠይቂ።

ማኅበርም ከዚያው ከወንጂ ሰዎች መሐል በረታ። ሕግ ሳይፈቅድላቸው በፊት ሠራተኞች እንደ ዕድር ተደራጅተው ይረዳዱ ነበር፤ የታመመውን ያሳክማሉ፣ የሞተውን ይቀብራሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን እናትሽ ሁልጊዜ የምትለውን እነሱ በኑሯቸው ያውቁት ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ የሠራተኛና አሠሪ ሕግ ወጣ፤ በ1955 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ ኢሠአማ፣ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቱ የወንጂው አብርሃም መኮንን ነበሩ። ከሸንኮራ ማሳ የተነሣ ማኅበር የአገሩን ሠራተኛ ወክሎ አዲስ አበባ ላይ ተናገረ።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ የ1966ቱ ነው። የጠቅላይ ሚኒስትሩ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ከወረደ በኋላ፣ የካቲት 28 ቀን ኢሠአማ ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። በአገራችን ታሪክ የመጀመሪያው ነበር። አራት ቀን ቆየ። የጠየቁት ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል፣ ጡረታ፣ የተሻለ የሠራተኛ ሕግ ነበር፤ መንግሥትም ተቀምጦ ሊደራደር ግድ ሆነበት። ትጥቅ ያልያዘ ሰው እጁን በማጣጠፉ ብቻ ያን ያህል ተሰማ። በኋላ ሥልጣን የያዘው ደርግ ግን ይህን አልወደደውም። መስከረም 1968 ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የአድማ ጥሪ ወረቀት ሲበተን ተተኮሰ፤ ሰው ሞተ። ኢሠአማም በዚያው ዓመት ፈረሰ፤ በቦታው መንግሥት የሚመራው ማኅበር ቆመ። ይህን የምነግርሽ እንድትፈሪ አይደለም። ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ ማኅበር መመሥረት መብት ነው ተብሎ ሲነበብልሽ፣ ያንን መብት ሲጠይቁ የሞቱ ወጣቶች እንደነበሩ እንድታውቂ ነው። በዕድሜ ካንቺ ብዙም አይበልጡም ነበር።

ወደ እኛው ልመልስሽ። እኔ የመንግሥት መምህር ነበርኩ፤ የቅጥር ደብዳቤ ነበረኝ፣ ዛሬም ጡረታዬን እበላለሁ። እናትሽ ግን በወጣትነቷ በአንድ እርሻ ጥጥ ስትለቅም ኖራለች። ስሟ ያለው ካቦው ኪስ ውስጥ በነበረች ደብተር ነበር። ካቦው ሲቀየር ደብተሯም ጠፋች፤ የለቀመችበት ቀን የትም አልተገኘም። ማንንም አልከሰሰችም፤ ምን ይዛ ትክሰስ? ዛሬ ወገቧን ስትታመም እኔ የጡረታ መታወቂያ አለኝ፣ እሷ የላትም። ሁለታችንም ሠርተናል፤ ልጄ፣ እሷ ምናልባት ከእኔ በላይ ሠርታለች። ይህ ነገር እንቅልፍ የሚነሣኝ ጊዜ አለ።

የኢታንግ መሬት እንደገና ውል ላይ የሰፈረው አንቺ ልጅ ሳለሽ ነው። ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ በ2003 በኢታንግና በጅካዎ 100,000 ሄክታር ለ50 ዓመት ተከራየ፤ ኪራዩ በዓመት ለአንድ ሄክታር 20 ብር ነበር። በዓመቱ ባሮ ሞልቶ በቆሎውን አጠፋው። በ2008 መንግሥት ውሉን አፈረሰ። ያን ጊዜ ጋዜጣው ሁሉ ስለ ሄክታር ጻፈ፤ ስለ ባለሀብቱ ኪሳራ ጻፈ። እኔ ግን ጠዋት ትራክተር ላይ ተሳፍረው የሚሄዱትን የሰፈሩን ልጆች አስብ ነበር። የመሬቱ ውል ዕድሜ 50 ዓመት ነበር፤ የቀን ሠራተኛ ውል ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል። በ1894ቱ ውል ያነበብኩትን በ2003 በዓይኔ አየሁት።

ለዚህ ነው ፊርማሽ ያጓጓኝ። አንቺ ከዚህ መንደር ወጥተሽ ስምሽ በሥራ ውል ላይ ሲሰፍር፣ ለእናትሽም እንደ መጻፍ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ሐዋሳ ገነት ናት ብዬ አልሸነግልሽም። ፓርኩ በ2008 ሲመረቅ ተስፋው ብዙ ነበር። በ2011 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አጥንተው የሠራተኛው መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጻፉ፤ በዓለም ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ዝቅተኛው ነበር። በ2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ስታስወጣ ደግሞ ትልቅ ድርጅት ጥሎ ሄደ፤ ብዙ ሴቶች ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቀያቸው ተመለሱ። እነዚያ ልጆች አላጠፉም። ሩቅ አገር የሚወሰን ነገር እስከ ስፌት መኪናሽ ድረስ እንደሚደርስ ዕወቂ፤ ስለዚህ ከደመወዝሽ ጥቂትም ብትሆን አስቀምጪ።

ሕጉን አውቀሽ ግቢ። አዋጅ ቁጥር 1156 በ2011 የወጣው ነው። የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ያቺ 8 ሰዓት ከሰማይ አልወረደችም፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 1886 በቺካጎ ሠራተኞች ስለ እሷ ሲሰለፉ ደም ፈስሷል፣ የሜይ ዴይ በዓል ሚያዝያ 23 የሚከበረውም በዚያ ነው። ትርፍ ሰዓት ብትሠሪ ቀን ከሆነ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈልሻል፤ ሌሊት፣ የዕረፍት ቀንና በዓል ከዚያ ይበልጣል። በሳምንት ከ12 ሰዓት በላይ ትርፍ ሥሪ ማለት አይችሉም። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ቃል ብቻ ሰጥተው ካስገቡሽ፣ በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ወረቀት ሊሰጡሽ ይገባል። አግብተሽ ስትወልጂ ደግሞ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዝሽ ታርፊያለሽ። በሥራ ቦታ ሴትን በወሲብ ማስቸገር በዚሁ አዋጅ የተከለከለ ነው። ማንም ቢያስቸግርሽ፣ አለቃም ቢሆን፣ ዝም አትበዪ፤ ደግሞም ለእኔ ለመናገር አትፈሪ። አባትሽ ነኝ፤ ጥፋቱ ያንቺ ነው የሚል ቃል ከአፌ አትሰሚም።

ሕጉ ያላደረገውም አለ። የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል እንጂ የግል ድርጅት ሠራተኛ ከዚህ በታች አይከፈለውም የሚል ወለል ሳይቆረጥ ዓመታት አለፉ። በ1966 የተጠየቀው ጥያቄ ነው፣ ልጄ። በሰው ቤት የምትሠራውን ልጅም አዋጁ አላቀፋትም። እዚህ ኩሌና ቴርኪዲ መጠለያ ያሉ ስደተኞችም እየሠሩ የሚቀበሉት የማበረታቻ ክፍያ ነው። አንቺ ተቀጠርኩ ብለሽ እነዚህን እንዳትረሺ። አብራሽ የምታድር ልጅ ወረቀት ከሌላት ወረቀትሽን አንብቢላት።

ማኅበር ካለ ግቢ፤ መዋጮው ይቆረጥብኛል ብለሽ አትሰስቺ። ከሌለ፣ 10 ሠራተኛ ባለበት ቦታ ማኅበር ማቋቋም ሕጉ ይፈቅዳል። ለመሪነት አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ ሥራሽን ልመጂ፣ ጓደኞችሽን ዕወቂ፣ ማን በምን እንደሚጨነቅ ስሚ። አለቃሽንም በአክብሮት አነጋግሪ፤ ጮኾ የሚናገር ሁሉ ደፋር አይደለም። ግን ያልገባሽን ወረቀት አትፈርሚ፤ በእንግሊዝኛ ከሆነ በአማርኛ ይነበብልኝ በዪ። ቅጂውን ተቀብለሽ አንዱን ለእኔ ላኪ፣ ከእናትሽ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል።

የመጀመሪያውን ደመወዝ ስትቀበዪ ለእኛ ገንዘብ ለመላክ አትጣደፊ፤ ለራስሽ ፍራሽና ብርድ ልብስ ግዢ። የፔሮሉን ወረቀት ግን ፎቶ አንሥተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። ለጡረታ ካንቺ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ከአሠሪሽ 11 ይጨመራል፤ ደምረን በስምሽ መግባቱን አብረን እናያለን። እናትሽ ደግሞ የጡረታ ቁጥሩ ራሱ ይጻፍልኝ፣ እኔ ዘንድም ይኑር ብላለች።

አባትሽ
ኢታንግ