ሆድና ትከሻ

መቼም የላስታ ልጅ እስክስታ ልትማር ተመዘገበች ሲባል የሰማ ሁሉ ይስቃል። ነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ አሸንድዬ የሚባለውን ረጅም ሣር ወገባችን ላይ አስረን፣ ከበሮ እየመታን ከደጃፍ ደጃፍ ስንዞር ያደግን ነንና ማን ማንን ሊያስተምር ነው? ዳሩ ግን ከላሊበላና ከገነተ ማርያም መጥተን እዚህ ግቢ የባህል ቡድን የገባን አራት ሴቶች እስክስታን እንደ አዲስ ጀመርነው። የከበደን እንቅስቃሴው አይደለም፤ ሆዳችን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልምምዱ ክፍል አንዱ ግድግዳ በሙሉ መስታወት ነው። እኛ እስከዚያ ቀን ድረስ ስንጨፍር ራሳችንን አይተን አናውቅም። አሸንድዬ ላይ ክብ ሠርተን ነው የምንቆመው፤ የምናየው የጓደኛችንን ትከሻ ነው፤ የእኛን ደግሞ እሷ ታየዋለች። ሣሩም ከወገብ ወደ ታች ስለሚንዠረገግ፣ ቀጭኗም ወፍራሟም ስትወዛወዝ ዓይን የሚስበው የሣሩ ውዝዋዜ ነው።

እንዋሽ ካላልን አሸንድዬም ከዓይን የጸዳ አይደለም። ጎረምሳው ዳር ቆሞ ይመርጣል፤ ሹሩባዋ ያላማረላት፣ ቀሚሷ ያረጀባት ልጅ ስትሸማቀቅ አይተናል። ቢሆንም እዚያ ግጥም አውራጇም ከበሮ መቺዋም ቦታ ነበራቸው። ከአራታችን በሰውነት የምትገዝፈው ልጅ በሰፈሯ ከበሮውን የምትይዘው እሷ ነበረች፤ እሷ ሳትመጣ አይጀመርም።

እዚህ ግን "ሆድ ዋጥ! ደረት ቀና!" ይባላል። አሰልጣኙ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ከመድረክ የለመደውን ነው የሚነግረን። ግን እስክስታ የሚሄደው በትንፋሽ ነው። ትከሻ የሚንቀጠቀጠው ትንፋሽ በጥርስ መሐል እየተቆራረጠ ሲወጣ ነው፤ ያንን ትንፋሽ የሚገፋው ደግሞ ሆድ ነው። ሆዱን የዋጠ ሰው ትንፋሹን ያግታል፤ አንገቱ ይደርቃል፤ ትከሻው እንጨት ይሆናል። ያላመነ ዶርሙ ገብቶ በሩን ዘግቶ ይሞክረው።

የዶርም ጓደኛችን ደግሞ የዓረቦቹን የወገብ ጭፈራ ከስልኳ ላይ ታጠናለች። ያ ጭፈራ ያለ ሆድ አይሆንም፤ እሷ ግን ቲሸርቷን ወደ ታች እየጎተተች ሆዷን ሸፍና ነው የምትለማመደው! ግብጽ ውስጥ ሴቶች በየቤቱና በየሠርጉ ይጨፍሩት የነበረው ጭፈራ፣ በ1926 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ የምሽት ቤት የከፈተችው በዲዓ ማሳብኒና መሰሎቿ ለመድረክ እንዲመች አሰናዱት። የእኛም እስክስታ እንደ ሀገር ፍቅር ባሉ ቴአትር ቤቶች ሰልፍ ይዞ ፊቱን ወደ ተመልካች አዞረ። መድረክ ፊትና ኋላ አለው። ፊት ማን ይቁም የሚለው ጣጣ የመጣው ከዚያ ወዲህ ይመስለናል።

ታኅሣሥ 29 ለገና፣ ቤተ ማርያም ማሜ ጋራ ላይ ካህናቱ ቤዛ ኩሉ ሲሉ ያየ ያውቀዋል። (ከጭፈራ መቁጠራችን አይደለም፤ ካህናቱ ይቆጡናል!) ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ቦርጫሙ፣ ከሲታው አንድ ላይ ዘንበል ቀና ሲሉ እያየን ነው ያደግነው። ሰውነት ሳያፍር ሲንቀሳቀስ መጀመሪያ ያየነው እዚያ ነው።

ባለፈው ሳምንት መስታወቱን በነጠላ ጋርደን እንለማመድ ብለን ጠየቅን። አሰልጣኙም ለግማሽ ሰዓት ፈቀደልን። ትከሻችን ተፈታ፤ እሱ ራሱ "እንዲህ ነው እንጂ!" አለ። ከዚያ ነጠላው ተነሣ። ለትርዒቱ ሦስታችን ሁለተኛው ረድፍ ደርሶናል። አራተኛዋ፣ ያቺ ከበሮ መቺዋ፣ የረድፉ ድልድል ከተነገረ ወዲህ ልምምድ አትመጣም። "ከበሮውን ከሰጡኝ እመጣለሁ በሏቸው" ብላ ልካናለች። በቡድኑ ከበሮ የሚመታው ወንድ ነው። መልእክቷን አድርሰናል፤ መልስ አልተሰጠንም።