ኤርኒ ዴቪስና 44 ቁጥር ማሊያ

የአሜሪካ ኮሌጆች ፉትቦል ሌላ መልክ የነበረው ዘመን ነበር። ተጫዋቹ ሲያጠቃም ሲከላከልም ያው አንድ ሰው ነው፤ ደሞዝ የለውም፣ ተማሪ ነው። ከዚያ ዘመን ልጆች ሁሉ ልቤ የሚያደላው ለኤርኒ ዴቪስ ነው። (ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፔንሲልቬንያ ውስጥ ያሳደጉት አያቶቹ ናቸው። ልጅ ሳለ ይንተባተብ ነበር። በ12 ዓመቱ ወደ እናቱ፣ ኒውዮርክ ግዛት ኤልማይራ ሄደ። ኋላም ሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከእሱ በፊት የቡድኑ ኮከብ የነበረው ጂም ብራውን ይለብሰው የነበረውን 44 ቁጥር ማሊያ ወረሰ።

በ1959 ሲራኪዩስ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1960 ዳላስ ላይ ከቴክሳስ ጋር ሲገጥም የኤርኒ የጭን ጅማት ተጎድቶ ነበር። እንዲያም ሆኖ ገና ጨዋታው እንደተጀመረ የተወረወረለትን ኳስ ይዞ በረረ፤ 87 ያርድ! ሁለተኛም አስቆጠረ፤ ወደ መከላከሉ ተመልሶ ከባላጋራው ኳስ ነጠቀ። ውጤቱ 23 ለ14፣ የዕለቱ ኮከብም እሱ። ማታ በራት ግብዣው ላይ ግን ሽልማቱን ተቀብሎ እንዲወጣ ተነገረው፤ አዳራሹ ለጥቁር አይፈቀድም ነበር። ይህን ባነበብኩ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል። ቀን ያጨበጨቡለት ሰዎች ማታ ማዕድ ነሱት።

በ1961 የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሸለመውን የሄይዝማንን ዋንጫ ወሰደ፤ ከጥቁር ተጫዋቾች የመጀመሪያው ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲም ኒውዮርክ ላይ አገኙት። በፕሮፌሽናል ክለቦች የተጫዋች ምርጫ የዋሽንግተን ክለብ ከሁሉም አስቀድሞ መረጠውና ለክሊቭላንድ ብራውንስ አሳለፈው። በ1962 በጋ ግን ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ተገኘበት።

ለክሊቭላንድ አንድም ጨዋታ አልተሰለፈም። የውድድር ዘመኑ ከመከፈቱ በፊት በነበረ አንድ ምሽት ብቻ፣ መብራት እየተከተለው ወደ ሜዳ ሮጦ ለተመልካች ታየ። ሜይ 18 ቀን 1963 በ23 ዓመቱ አረፈ። ክለቡም ለእሱ ሰጥቶት የነበረው 45 ቁጥር ለሌላ እንዳይሰጥ አደረገ።

ብዙዎች ፕሮፌሽናል ሳይጫወት ቀረ ብለው ይቆጩለታል። እኔ ግን የኤርኒን ሕይወት ጎዶሎ ማለት አልችልም። እሱም ታሞ ሳለ ራሱን እንደ ዕድለ ቢስ እንደማይቆጥር በመጽሔት ላይ ጽፏል። በዚያው ሰሞን ለዩኒቨርሲቲው ተጫዋች ያግባባ ነበር፤ ከነዚህ አንዱ ፍሎይድ ሊትል ነው። ሊትል የኤርኒን ሞት ሲሰማ ስልክ አንሥቶ ሲራኪዩስ እንደሚገባ ነገራቸው፤ 44 ቁጥርንም ለበሰ።