ውኃ የሚጠጣ ጕድጓድ

የጕድጓድ ተግባር ማጠጣት እንጂ መጠጣት አይደለም ብለን ያደግን ሰዎች ነን። የተወለድንባት በዴሳ የዳሞት ወይዴ ወረዳ ከተማ ስትሆን፥ ከወላይታ ሶዶ በስተ ምሥራቅ፥ መሬቱ ወደ ቢላቴ ወንዝ እያዘቀዘቀ በሚሄድበት በኩል ትገኛለች። በዚያ አገር የውኃን ዋጋ ከእናቶች ጀርባ ይልቅ አስተካክሎ የሚናገር የለም።

በወጣትነታችን ከመንደራችን ግርጌ አንድ የእጅ ፓምፕ ተተክሎ ነበር፤ እኛም ፊደል ስለ ቈጠርን የውኃው ኮሚቴ ጸሐፊ ተባልን። አንድ ቀን እማማ እያልን የምንጠራቸው ጎረቤታችን መጥተው፥ «ልጄ፤ ዐምና በሃምሳ ምት ይሞላ የነበረው ጀሪካን ዘንድሮ ሰባ ይፈልጋል፤ ጕድጓዱ ደክሟል» አሉን። እኛ ግን «የደከመው ክንድዎ ይሆናል» ብለን ሣቅን። እሳቸው አልሣቁም። ከጥቂት ወራት በኋላ ፓምፑ አየር ብቻ ይስብ ጀመር። ባለሙያ መጥቶ ቢመረምረው ወንፊቱ በዝገትና በደቃቅ አሸዋ ተደፍኖ ተገኘ። ጕድጓዱ እስኪጸዳ ድረስ ልጃገረዶቹ ወደ ሩቅ ጅረት ይወርዱ ነበርና የገዛ ታናሽ እኅታችን በዚያ ዓመት ትምህርቷን አቋረጠች፤ ተመልሳም አልገባች።

ከብዙ ዘመን በኋላ በላንጋኖ ሐይቅ አጠገብ ወዳለው ወደ አሉቶ ተራራ ወጣን። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ስምንት ጥልቅ ጕድጓዶች ተቈፍረው ነበር፤ ከእንፋሎታቸውም ኤሌክትሪክ የሚያወጣ የሙከራ ጣቢያ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሥራ ጀመረ። ከጕድጓዶቹ አንዱ ከእንፋሎቱ የተለየውን ውኃ መልሶ እንዲጠጣ የተመደበ መሆኑን ስንሰማ ተደነቅን። ነገሩ ግን ምክንያት አለው። ውኃው ከምድር ሆድ ፍሎራይድና ሌላም ማዕድን ይዞ ስለሚወጣ ወደ ሐይቁ ሊለቀቅ አይገባውም። ሲቀዘቅዝም ሲሊካ የተባለው ማዕድን እየጠጠረ የጕድጓዱን ጕሮሮ ይዘጋል።

ይኸው ጭንቀት በባሕር ላይ ነዳጅ የሚያወጡትንም ይዟቸዋል። በኖርዌይ ባሕር ክልል፥ ኤኮፊስክ በተባለው ስፍራ፥ ዘይቱ ሲቀዳ ከሥሩ ያለው የኖራ ድንጋይ ተጨምቆ የባሕሩ ወለል ስለ ሰመጠ፥ እ.ኤ.አ. በ1987 የብረት መድረኮቹን በ6 ሜትር ከፍ አደረጓቸው፤ በዚያው ዓመትም ውኃ በሰፊው ወደ ታች ማስገባት ጀመሩ። የባሕር ውኃ ግን እንዲሁ አይገባም። ተጣርቶ፥ ብረት የሚያዝገው ኦክሲጅን ወጥቶለት፥ ተሐዋስያኑ ተገድለውለት ነው የሚወርደው። በብዙ ስፍራም ሰልፌቱ ይቀነሳል፤ አለዚያ በታች ካለው ባሪየም ጋር ተገናኝቶ አሲድ እንኳ የማያሟሟው ድንጋይ ይሆናል።

እጅግ የነካን ግን አጠባበቃቸው ነው። በየቀኑ የገባውን ውኃና የጠየቀውን ግፊት ይጽፋሉ። ሆል የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ዘዴ ኹለቱን እየደመሩ መሥመር ይሥላሉ፤ መሥመሩ ወደ ላይ ቢታጠፍ ጕድጓዱ እየታነቀ ነው፤ ወደ ታች ቢታጠፍ ዐለቱ ተሰንጥቆ ይሆናል፤ ያን ጊዜም ውኃው ዘይቱን መግፋቱን ትቶ በስንጥቁ ይሾልካል። ይህን ያስረዳን መሐንዲስ ንግግሩን ሳይጨርስ እማማ ትዝ አሉን። ለአንድ ጀሪካን ስንት ምት? ለአንድ በርሜል ስንት ግፊት? ጥያቄው አንድ ነው፤ እሳቸው ያለ ወረቀት ጠይቀውት ነበር። (በእርግጥ የፓምፑ ጎማ ሲያልቅም ምቱ ይበዛል፤ መሐንዲሶቹም መለኪያቸው እንዳይዋሽ አስቀድመው ይመረምሩታል። እኛ ግን አንዱንም አልመረመርን።)

ወደ በዴሳ በተመለስን ጊዜ እማማ አርጅተው ከደጃፍ ተቀምጠው አገኘናቸውና ይቅርታ ጠየቅን። «የምኑን?» አሉ፤ ረስተውታል። እኅታችን ግን አልረሳችም። አንድ ባለ መሥመር ደብተር ገዝተን ለፓምፑ ጠባቂ ስንሰጥ፥ የመጀመሪያውን ገጽ የሞላችው የእርሷ ልጅ ናት፦ ሰኞ ጧት፥ አንድ ጀሪካን፥ ሃምሳ ኹለት ምት።